የዓባይን ውኃ ሲለካ ያረጀ ሊቅ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትዎ በየቀኑ በመዝገብ የሚሰፍረው ቍጥር ለማን ይጠቅማል ብለው አስበው ያውቁ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የአንድ የውኃ ሊቅ ታሪክ አለ፤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት በ1880 በእንግሊዝ አገር በሌስተር አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቤት ሠሪ ነበርና ልጁ አናጢነትን ከእርሱ ተማረ። በ15 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ቢወጣም፣ በማታ ትምህርት እየተረዳ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በቃ፤ በፊዚክስም በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። በ1906 ወደ ግብጽ ሲሄድ ከተሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ እኩለ ቀን በመድፍ ወደሚበሠርበት ወደ ካይሮ ምሽግ ትክክለኛውን ሰዓት ማስተላለፍ ነበር። ለአጭር ጊዜ የሄደው ሰው ግን ከ60 ዓመት በላይ ዓባይን ሲያጠና ኖረ፤ በመርከብ፣ በብስክሌትና በእግር እየተጓዘ ወንዙንና ገባሮቹን ለካ።

ያስጨነቀው ነገር ይህ ነበር። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ሲሆን፣ ዝናሙ በየዓመቱ ይለያያል። እንግዲህ የጥጋብ ዘመን ውኃ ለድርቅ ዘመን እንዲቈይ ግድቡ ምን ያህል ሊሰፋ ይገባል? ሳንቲም ሲወረወር የፊተኛው ዕጣ የኋለኛውን እንደማይወስን ሁሉ፣ ዓመታትም እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ቢሆኑ፣ ዘመኑ አራት እጥፍ ሲረዝም ማከማቻው ሁለት እጥፍ ቢሆን ይበቃል።

ኸርስት ግን በካይሮ በሮዳ ደሴት ከ622 ጀምሮ የተመዘገበውን የዓባይን ከፍታ መረመረ፤ የዝናም፣ የዛፍ ቀለበትና የሐይቅ ደለል መዝገቦችንም ጨመረ። በ1951 ባሳተመው ጥናት መሠረት ማከማቻው ሁለት እጥፍ ሳይሆን ወደ 2.75 እጥፍ ሊሆን ይገባዋል፤ መልካም ዓመት መልካሙን፣ ክፉ ዓመትም ክፉውን እያስከተለ ይመጣልና። ይህንንም ጠባይ የሚመስል ሞዴል የመጫወቻ ካርታ እየበወዘ ሠራ። በ1968 ማንደልብሮና ዋሊስ የተባሉ ሊቃውንት ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረኀብ ዓመታት በማሰብ ነገሩን በዮሴፍ ስም ጠሩት።

ይህ የቍጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ ዝናም በተከታታይ ባነሰ ጊዜ፣ ጦርነትም ተጨምሮበት፣ በአገራችን ብዙ ሕዝብ በረኀብ አለቀ፤ ግብጽን ግን በ1970 የተፈጸመው የአስዋን ታላቅ ግድብ ያከማቸው ውኃ አሻገራት።

ሆኖም የውኃ ሂሳብ ሁሉን አይቈጥርም። ኸርስትና ባልደረቦቹ በ1946 ባቀረቡት ዕቅድ፣ በደቡብ ሱዳን ረግረግ በትነት የሚጠፋው ውኃ በቦይ እንዲተርፍ አሳሰቡ። ለመሐንዲሱ የባከነ መስሎ የታየው ውኃ ግን ለዲንቃና ለኑዌር ከብቶች ሣር፣ ለዓሣና ለአዕዋፍም ማደሪያ ነበር። በ1978 የተጀመረው የጆንግሌ ቦይ ቍፋሮም በጦርነት ምክንያት ሳይፈጸም ቀረ። ዛሬ የውኃ ሞዴል ከሚሠሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ዕፅዋቱን፣ አፈሩንና ትነቱን ከወንዙ ጋር አያይዘው ያሰላሉ።

ኸርስት በ1978 ዐረፈ። ነገር ግን የሮዳ መዝገብ ያዦች የወንዙን ከፍታ እየለኩ ባያቈዩለት ኖሮ፣ ሊቁ ምን በመረመረ ነበር? እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የዛሬዋን ቍጥር በታማኝነት እናስፍር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ማን እንደሚያነባት አናውቅምና።