ተጨማሪ መረጃ፦ የጉልበት ሕመምና የሱዳን ሙጫ

የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ዕድሜ የሚያመጣው የአጥንት ልባስ መሳሳት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች የጭን ጡንቻን፣ ክብደትንና ብግነትን አብረው ያጠናሉ። የኦስቲዮአርትራይተስ ምርምር ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ያስቀደመው እንቅስቃሴን፣ ክብደት መቀነስንና የሚቀባ ፀረ ብግነት መድኃኒትን ነው፤ ሞርፊን መሰል መድኃኒቶችን አልደገፈም። በ2024 ደግሞ ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ከልክ በላይ የወፈሩ ታካሚዎችን ክብደትም የጉልበት ሕመምም እንደቀነሰ ታየ።

በሱዳን መዲና ካርቱም ደግሞ ትኩረት የሳበው የአገሬው ሀብት፣ የግራር ሙጫ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የሱዳን ጥናት የሩማቶይድ አርትራይተስ ታካሚዎች በቀን 30 ግራም ሙጫ ለ12 ሳምንት ሲወስዱ በደማቸው ያለው የብግነት ምልክት መቀነሱን ዘግቧል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን ሩማቶይድ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ ስለሆነ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ኦስቲዮአርትራይተስ መውሰድ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በሰፊው መደገም ሲገባው፣ በኤፕሪል 2023 የፈነዳው ጦርነት አብዛኞቹን የከተማዋን ሆስፒታሎች ከሥራ ውጭ አደረገ። ሐኪም ለራቀው የጉልበት ታካሚ በቅርብ የሚገኘው ሕክምና ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀስ ብሎ እየዘረጉ የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው።