ስለ ድሮ ብርሃንና ስለ አምፖል ንግድ

የነጋዴ ተግባር ዕቃ አስመጥቶ መሸጥ ብቻ አይደለም፤ የዕቃውን ጠባይ ዐውቆ ለገዢው ማስረዳትም ጭምር ነው። ይህ ካልሆነ የነጋዴው ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል፤ ደንበኛውም ቅር ብሎት ይሄዳል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን አምፖል ነው።

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ሰው በሳሎኑ ጥግ እንደ ድሮ ጠጅ ቤት ያለች ትንሽ የመጠጥ ስፍራ ለማሰናዳት አስቧል እንበል። ብርሌውን፣ በርጩማውንና መደርደሪያውን ቢያሟላም ስፍራው የድሮ መልክ አይይዝለትም። ምክንያቱም ከጣሪያው መካከል የሚወርደው ነጭ ብርሃን ቤቱን ቢሮ ያስመስለዋል፤ በብርሌ ያለው ጠጅ እንኳ ወርቃማነቱ ደብዝዞ ይታያል። እንዲህ ያለው ደንበኛ ወደ ሱቅ ሲመጣ ደብዛዛ አምፖል ይጠይቅ ይሆናል። የሚያስፈልገው ግን ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም የብርሃኑ ቀለም፣ ስፍራውና መጠኑ።

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። የሻማና የኩራዝ ብርሃን 1,900 ያህል፣ የቀድሞው ባለ ክር አምፖል 2,700 ያህል፣ ነጩ አምፖል ደግሞ እስከ 6,500 ኬልቪን ይደርሳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ያደላል። ስለዚህ ከ2,000 እስከ 2,700 የተጻፈበትን መምረጥ ይገባል። 3,000 የሆነውንም «ዋርም» ብለው የሚሸጡ አምራቾች ስላሉ፣ ቃሉን ሳይሆን ቁጥሩን ማንበብ ይሻላል።

ስለ ስፍራው፣ ኩራዝና ፋኖስ በጠረጴዛ ላይ ወይም በግድግዳ ላይ እንጂ በጣሪያ መካከል አይበሩም ነበር። ስለዚህ አምፖሉ ተቀምጦ ከሚጠጣው ሰው ዐይን ትይዩ ወይም ዝቅ ብሎ፣ አለዚያም ከጠርሙሶቹ ኋላ ተሰውሮ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ስለ መጠኑ፣ የቀድሞው ባለ 40 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ዛሬ ክር መሰል ኤልኢዲ በ4 ዋት ገደማ ይሰጣል። ለአንድ ጥግ ከአንድ ኀይለኛ አምፖል ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ባለ 2 ዋት አምፖሎች ተበታትነው ቢሰቀሉ ይመረጣል። ዲመር የሚባለውን ብርሃን መቀነሻ የሚፈልግ ደንበኛ፣ አምፖሉ ለዲመር የተሠራ መሆኑ በካርቶኑ ላይ መጻፉን ያረጋግጥ።

አስመጪዎች ትእዛዝ ሲልኩ የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆኑን፣ የጥርሱም ስፋት 27 ወይም 14 ሚሊሜትር መሆኑን በግልጽ ይጻፉ። ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ አምፖል እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል፤ የወጣበትም የውጭ ምንዛሪ ከንቱ ይቀራል።

አንዳንድ ደንበኛ እውነተኛ ኩራዝ በነጭ ጋዝ ላብራ ይል ይሆናል። አረቄ ባለበት ጠባብ ቤት የሚነድ እሳት አደጋ ነው፤ ጭሱም ጤና ይጎዳል፤ በፎቅ ቤት ደግሞ ጉዳቱ ለጎረቤት ይተርፋል። ስለዚህ ነጋዴው አሮጌውን ፋኖስ ለመብራት ማቀፊያነት እንጂ ለማንደጃነት አይሽጥ። በውስጡ አምፖል ሲገባ ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው፤ አካሉ ብረት ከሆነም ባለሙያ የመሬት መስመር ያገናኝለት።

የፋኖሱን አካል ከውጭ ማስመጣት ግዴታ አይደለም። አሮጌ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ በመለወጥ የታወቁት የምናለሽ ተራ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሥራ በትእዛዝ ሊሠሩት ይችላሉ። እንግዲህ ከውጭ የሚመጣው አምፖሉ ብቻ ይሆናል፤ የቀረው ትርፍ በአገር ውስጥ ይቆያል።

ባለ ሱቆችም ባለ 2,200ና ባለ 6,500 ኬልቪን አምፖሎችን ጎን ለጎን ሰቅለው፣ በሁለቱም ሥር ማር የተበጠበጠበት ውኃ በብርሌ ቢያስቀምጡ፣ ደንበኛው ልዩነቱን በዐይኑ አይቶ ይገዛል።