ከውጅግራ እስከ ክላሽ፦ የጥይት ተፈላጊነት ለምን ይለዋወጣል?



በአገራችን ስለ ጠመንጃ ብዙ ተዘፍኗል፣ ብዙም ተፎክሯል። ጠመንጃው ስለሚጎርሰው ጥይት ግን እምብዛም አንነጋገርም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ስለተዘነጋው ነገር ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ አዳኝም ሆነ ኢላማ ተኳሽ አንዱን የጥይት ዓይነት ትቶ ወደ ሌላው የሚሻገረው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ «የተሻለ ስለተገኘ» የሚል ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ የሚሰጠን መልስ ግን ከዚህ ይለያል። በእኛ ዘንድ የጥይትን ተፈላጊነት የወሰኑት መንገድ፣ ውልና መጋዘን ናቸው። ሰው ያገኘውን ተኮሰ፤ የተኮሰውንም ወደደ።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። በተለምዶ «ጥይት» የምንለው በአንድነት አራት ነገሮችን ነው፦ ከናስ ወይም ከብረት የተሠራውን ቀለህ፣ በውስጡ ያለውን ባሩድ፣ ከጫፉ የተተከለውን አረር፣ ከግርጌውም ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ካፕሱል። ልኩ የሚነገረው በአረሩ ስፋትና በቀለሁ ርዝመት ነው። «7.92 በ57» ሲባል የፊተኛው ቁጥር የመሣሪያውን ልክ፣ የኋለኛው የቀለሁን ርዝመት በሚሊሜትር ያመለክታል። ጠመንጃ በደኅና መተኮስ የሚችለው የተሠራለትን ጥይት ብቻ ነው። ስለዚህ ጠመንጃ በእንክብካቤ መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ጥይቱ ከጠፋ ግን ብረትና እንጨት ሆኖ ይቀራል።

ታሪኩን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ይዤ ልተርከው። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በአቀማመጣቸው ግን አዲስ አበባን ከሩቁ አገር የሚያገናኙ የሦስት አቅጣጫዎች በሮች ናቸው፤ ሰበታ ወደ ጅማ፣ ቡራዩ ወደ አምቦና ነቀምቴ፣ ሱሉልታ ወደ ጎጃም ያወጣሉ። በየበሩ አቅጣጫ የየዘመኑን ጥይት እናገኛለን።

ከሰበታ በር እንጀምር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ከገቡት ጠመንጃዎች አንዱ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦሯ የመረጠችው ነው። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ በእኛ ሰው አንደበት «ውጅግራ» ሆነ። አረሩ ባለ 11 ሚሊሜትር፣ 25 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ ሲሆን፣ የሚገፋውም ብዙ ጭስ ያለው ጥቁር ባሩድ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ባለ 8 ሚሊሜትር ሌቤል ስትይዝ ውጅግራ በአገሩ ዋጋው ወደቀ። በአውሮፓ ያረጀው መሣሪያም በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። በዚያ የቀነሰው ተፈላጊነት በዚህ ጨመረ ማለት ነው።

በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊታችን ውጅግራ፣ ሬሚንግተንና ሌሎችም ልካቸው የተለያየ ጠመንጃዎች ይዞ ነበር። በወገናችን ዘንድ ይህ መደባለቅ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው የጣልያን ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1891 አዲሱን ባለ 6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ ተቀብላ ሳለ፣ ወደ ዓድዋ ያዘመተችው ወታደር የያዘው በአብዛኛው አሮጌውን ባለ 10.4 ሚሊሜትር ቬተርሊ ነበር፤ በመጋዘን የተከማቸው የቆየ ጥይት ማለቅ ነበረበትና። ኢንዱስትሪ ባላት አገርም ቢሆን ምርጫውን ያደረገው መጋዘኑ ነው።

ከዓድዋ በፊትም በኋላም ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን የጠመንጃ ጥይት፣ በተለይም የውጅግራ፣ እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። በደቡብ ምዕራብ የዝሆን ጥርስ ንግድ ውስጥ ጥይት የአደኑ መሣሪያም የግብይቱ መክፈያም ሆኖ አገልግሏል። ኢኮኖሚስቶች ገንዘብ የሚያስከብረው ሌላው ሰው የሚቀበለው መሆኑ ነው ይላሉ። የውጅግራ ጥይትም እንደዚሁ ነው። አዳኙ የሚፈልገው ጎረቤቱ ስላለው፣ ነጋዴው የሚያመጣው አዳኙ ስለሚፈልገው፣ ጎረቤቱም የሚይዘው ነጋዴው ስለሚያመጣው ነበር። አዲስና የተሻለ ጥይት ይህን ቀለበት ሰብሮ ለመግባት ከጥራት ሌላ ብዛትም ያስፈልገው ነበር።

ያንን ብዛት ሊያመጣ የሚችለው መንግሥት ነው። ይህን ለማየት ወደ ቡራዩ በር እንሻገር። ከቡራዩ አልፎ በሚገኘው በሆለታ፣ ከጣልያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በስዊድን መኮንኖች የሚመራው የገነት ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው በ1920ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት ከቤልጅየም 7.92 በ57 የሚጎርሱ የሞዘር ጠመንጃዎችን አስገባ። ሕዝቡ የተሠሩበትን አገር ስም ይዞ «ቤልጅግ» አላቸው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አንድ ሠራዊት አንድ ዓይነት ጥይት ካልያዘ ስንቁን መከፋፈል አይችልም። ይሁን እንጂ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ኃያላኑ መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። የራሷ ፋብሪካ የነበራት ጣልያን በእገዳው አልተቸገረችም። የተቸገርነው ጥይቱን ከባሕር ማዶ የምንጠብቀው እኛ ነበርን።

የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ ከሱሉልታ በር ሆነን እንመልከተው። በሸዋም በጎጃምም የተዋጋው አርበኛ መጋዘኑ የጠላት መጋዘን ነበር። 6.5 በ52 የሆነው የጣልያን ጥይት በአርበኛው ዝናር የገባው ከሞዘሩ ስለሚበልጥ አልነበረም፤ ከጠላት የሚማረከው እርሱ ስለነበረ ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ተመልሰው፣ በፍቼ አድርገው በእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የእንግሊዙ 303 አብሮ ገባ። ነፃነት ሲመለስ እንግዲህ በአገሪቱ ውስጥ ቢያንስ የአራት መንግሥታት ጥይት ነበረ፤ የፈረንሳይ፣ የቤልጅጉ፣ የጣልያንና የእንግሊዝ።

ከዚያ ወዲህ ለውጡ የተከተለው የውጭ ግንኙነታችንን ነው። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ኤም አንድ የተባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ ታጥቆ ተዋጋ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነትም 30-06 የሚባለውን ጥይት የሠራዊቱ ዋና ስንቅ አደረገው። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ወዳጅነቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲዞር 7.62 በ39 ገባ፤ እርሱም የክላሽ ጥይት ነው። በደርግ ዘመን በአምቦ አካባቢ የተቋቋመው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ፣ በዚያው በቡራዩ በር አቅጣጫ፣ የአገር ውስጥ ምርትን ጨመረበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ያህል የሚመዝነውን አረሩን በሴኮንድ 700 ሜትር ገደማ ይወረውረዋል። ኃይሉ ከቤልጅጉ ጥይት ግማሹን ያህል ነው። የተሠራውም ሆን ተብሎ እንዲሁ ነው፤ ወታደር ቀለል ያለ ስንቅ በብዛት እንዲሸከም፣ ተከታታይ ተኩስም እንዲቆጣጠር። ለረጅም ርቀት ኢላማም ሆነ ለትልቅ አውሬ ከቀደመው ያንሳል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ በስፋት የምናየው እርሱን ነው። «የተሻለው ያሸንፋል» የሚለው አባባል በዚህ ይወድቃል።

በአንጻሩ ምርጫ ያለውን አዳኝ እንመልከት። በአርሲና በባሌ ተራሮች ደጋ አጋዘንን በፈቃድ ለማደን የሚመጣው የውጭ አገር ሰው ጠመንጃውንም ጥይቱንም ከአገሩ ይዞ ይመጣል። የሚመርጠውም እንደ 300 ዊንቸስተር ማግነም ወይም እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ እንደቆየው 375 ያሉትን ነው፤ ከተራራ ወደ ተራራ ርቆ መድረስን ወይም ከባድ አረርን ይሻልና። በኢላማ ተኳሾች ዘንድም እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሞር በጥቂት ዓመታት ተስፋፍቷል፤ ትከሻን እምብዛም አይመታም፣ አረሩም ንፋስን ይቋቋማል። እነዚህ በእርግጥ ምርጫዎች ናቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የጥይት እጥረት ሲከሰት እዚያም ሰው ያገኘውን መግዛት ጀመረ። የእኛ ታሪክ እንግዲህ ከዓለም የተለየ አይደለም፤ በሌላው ዘንድ በብዛት ተሸፍኖ የሚኖረውን እውነት በግልጽ ያሳያል እንጂ።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር ላንሣ።

የመጀመሪያው የሕይወት ጉዳይ ነው። ከአያት የወረሰው ጠመንጃ በቤቱ ያለ፣ ጥይቱን ግን ማግኘት ያልቻለ ሰው «የሚመስለውን» እንዳይሞክር። የቤልጅጉ 7.92 ጥይት ለ30-06 በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አረሩ ግን ከአፈሙዙ ይሰፋል፤ ግፊቱም ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ሊያፈነዳው ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን የሚከለክለው መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ ጥይቱንም ነው። በሰበታ አቅራቢያ በሱባ ደን የሚኖረውን የምኒልክ ድኩላ ያለ ፈቃድ ማደንም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው።

ሁለተኛው የታሪክ ጉዳይ ነው። በብዙ ቀለሆች ግርጌ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተቀርጿል። ደብዳቤና ደረሰኝ ባልቀረበት ስፍራ አንድ ቀለህ ማን ለማን፣ መቼ እንደሸጠ ፍንጭ ይሰጣል። ሦስቱ ከተሞች በፍጥነት እየተገነቡ ነው፤ መሠረት በተቆፈረ ቁጥር የሚወጣው ናስ ለቆራሌ ከተሸጠና ከቀለጠ ግን ምስክሩ ለዘለዓለም ይጠፋል። ያልተተኮሰ ጥይት ያገኘ አይንካው፤ ለፖሊስ ያመልክት። ባዶ ቀለህ ያገኘ ተማሪ ግን የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፎ ለመምህሩ ያሳይ። የመቶ ዓመት የውጭ ግንኙነታችን በዚያች ትንሽ ክብ ናስ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።