ሲሞቅ የሚረጋ መድኃኒት

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ወገቡን የያዘው ወይም ጉልበቱን የሚቆረጥመው ሰው መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ዲክሎፌናክ ሲጠይቅ ክኒኑን፣ መርፌውንና ቅባቱን ያውቃቸዋል። በመቀመጫ የሚገባው ሲነሳ ግን ያፍራል። ሊያፍር አይገባም፤ ለሚያስመልሰውም፣ መዋጥ ላቃተውም ሕመምተኛ ትልቅ መፍትሔ ነው።

ሰፖዚተሪ የሚባለው ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ከጣት የሚያጥር፣ በፕላስቲክ የታሸገ ሰም መሰል ነገር ነው። እንደ ቅቤ በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የቀለጠው ተመልሶ ሊፈስ ወይም ሽቅብ ሊወጣ ይችላል። የታችኛው የፊንጢጣ ክፍል ደም ሥሮች መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ መላ ሰውነት ያደርሱታል፤ የላይኞቹ ግን በቅድሚያ ወደ ጉበት ይወስዱታል፣ ጉበትም ከፊሉን ያከሽፈዋል። ስለዚህ ባስቀመጡት ቦታ የሚቆይ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ጄል የመጣው ለዚህ ነው። ፖሎክሳመር የተባለው ንጥረ ነገር ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ነው፤ ሲሞቅ ይረጋል። በ1998 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ የፓራሲታሞል ፈሳሽ ሰፖዚተሪ ሠርተው በአይጦች ላይ ሞከሩ፤ በኋላም ዲክሎፌናክ ተከተለ። ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲረጋ ይመጠናል፤ የሚያጣብቅ ንጥረ ነገርም ይጨመርበታል። የረጋው ጄል ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይለቃል።

ለጋይንት ቆላ ግን አንድ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ቀትር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በ30 ዲግሪ የሚረጋው ዝግጅት ገና ከብልቃጡ ሳይወጣ ይረጋል። ለእንዲህ ያለው አገር የሚረጋበት ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት መጠጋት አለበት።

መድኃኒትን በፊንጢጣ መስጠት ውጤታማ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በ1977 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ሐኪሞች ሰልፋሳላዚን የተባለውን መድኃኒት ሁለት ክፍሎቹን ለየብቻ በፊንጢጣ ሰጥተው፣ የቆሰለ ትልቁን አንጀት የሚያክመው ዛሬ ሜሳላዚን የምንለው መሆኑን ለዩ። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ602 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ፣ ከሐሞት ቧንቧ ምርመራ በኋላ ኢንዶሜታሲን ሰፖዚተሪ መስጠት የቆሽትን ብግነት ከ16.9 ወደ 9.2 በመቶ አውርዷል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። «በመቀመጫ ከገባ ጨጓራ አይነካም» የሚባለው እውነት አይደለም፤ እንደ ዲክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ያሉ ማስታገሻዎች ወደ ደም ገብተው የጨጓራን መከላከያ ስለሚያዳክሙ፣ ቁስለት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊወስዳቸው አይገባም። በቱቦ የሚሸጠው የዲክሎፌናክ ጄልም ለቆዳ ብቻ የተሠራ ነው፤ ወደ ፊንጢጣ አይገባም።

ለጄሉ የሚጨመረው ማጣበቂያ ከአገር ውስጥም ሊገኝ ይችል ይሆናል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለንቋጣ የተባለውን ተክል ቅርፊት ልጋግ የሚዋጥ ፈሳሽ መድኃኒት እንዳይዘቅጥ ለመያዝ ሞክረውት፣ ውጤቱን በ2020 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በጄልነት በፊንጢጣ ለመጠቀም ግን ሌላ ምርመራ ይጠይቃል፤ አንጀትን አለማስቆጣቱና መድኃኒቱን በምን ፍጥነት እንደሚለቅ መረጋገጥ አለበት።