ዋጋ የሚሰማ ጆሮ

እ.ኤ.አ. በ2013 ሹር ኤስኢ846 የተባለው ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ በ999 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ፣ በ2021 የወጣው ሴንሃይዘር አይኢ 900 ደግሞ ወደ 1,300 ዶላር ተጠይቆበታል። ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቃውን አድምጦ ሳይሆን የገምጋሚ ጽሑፍ አምኖ ነው የሚገዛው።

ገምጋሚው ግን ዋጋውን ያውቃል፤ ዕቃውም አንዳንዴ ከአምራቹ በውሰት የመጣለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት “ቤዙ ሳሳ” ያለውን በወሩ ሲያሞግሰው፣ ማዳመጫው “ተፍታታ” ይባላል። የተፍታታው የሰውየው ጆሮ ቢሆንስ? ጆሮ አዲስ ድምፅ ይለምዳል። በዚያ ላይ የጫፉ ጎማ ጆሮን በደንብ ካልደፈነ ቤዙ ያፈተልካል፤ ጎማ የለወጠ ዕለት የ1,000 ዶላሩ ዕቃ ሌላ ዕቃ ይሆናል።

በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ 40 አድማጮችን ስፒከሮች አንዴ እያሳዩ፣ አንዴ በመጋረጃ ሸፍነው አስደምጠዋል። ሲታዩ ለትልልቆቹና ለውዶቹ የተሰጠው ብልጫ ሲሸፈኑ ጠበበ። ወደ ማዳመጫ ስንመጣም፣ ጄሮን ብሬባርት በ2017 የ283 የጆሮ ማዳመጫዎችን የመሣሪያ ልኬት መርምረው፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን ባለው የድምፅ አወጣጣቸውና በዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኙም። ምቾትና ጥንካሬ በዚህ ልኬት ውስጥ አይገቡም።

ሱቅ ገብቶ የሚያወዳድር ገዥ የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል ያድርግ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ዋጋውንም ሻጩ መጨረሻ ላይ ይንገረው።