ጌዲዮን ዘላለም፦ ከበርሊን እስከ አርሰናል

አማካዩ ጌዲዮን ዘላለም በ1997 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። እናቱ ከሞቱ በኋላ ከአባቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዋሽንግተን አቅራቢያ ሜሪላንድ ውስጥ አደገ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት አካባቢ ነው። ኦልኒ በተባለ የታዳጊዎች ቡድን ሲጫወት የአርሰናል መልማይ አየውና በ2013 ለንደን ገባ።

ፈጣን አልነበረም፤ ጉልበተኛም አይባልም። ሀብቱ እይታው ነበር፤ ኳስ ሳይደርሰው ዙሪያውን ቃኝቶ በተከላካዮች መሀል ይሰነጥቃታል። ጥር 2014 ኮቬንትሪ 4 ለ 0 በተሸነፈበት የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ ኦክስሌድ ቻምበርሌይንን ቀይሮ ሲገባ፣ አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር አርሰናልን ከተረከቡ በኋላ ተወልዶ ለክለቡ የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጋላታሳራይ ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ተሰለፈ።

በጀርመን ታዳጊ ቡድኖች የተጫወተው ጌዲዮን፣ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ በ2015 በኒውዚላንዱ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰለፈ። ቀጥሎ በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄዶ ቡድኑ ወደ ዋናው ሊግ ሲመለስ አብሮ ነበር።

ነገሩን ያበላሸው የጉልበቱ ጉዳት ነው። በ2017 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ፣ ገና በውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ለአማካይ ከጨዋታ ምት መለየት ክፉ ነው፤ እሱ ሲያገግም ቦታው በሌሎች ተይዟል። በ2019 በፕሪሚየር ሊግ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ አርሰናልን ለቆ ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲን ተቀላቀለ።