ስለ ፍላሽ ሜሞሪና በውስጧ ስላሉት ምስክር ቁጥሮች

በቡታጅራ ዙሪያ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ የሚወለደውንና የሚሞተውን ሰው የመመዝገብ ሥራ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ተጀመረ። እንዲህ ያለው መዝገብ የሚጠቅመው የአንዱ ዓመት ቁጥር ከብዙ ዘመን በኋላ ሳይለወጥ ሲገኝ ነው። የተማሪዎችም የውጤት መዝገብ እንዲሁ ነው። ዛሬ ግን መዝገቡ ጣት በምታህል ፍላሽ ላይ ስለሚጻፍ፥ ይህች ዕቃ እስከ ምን ድረስ እንደምትታመን መምህራንና ሽማግሎች ሊያውቁት ይገባል።

ፍላሽ ያለ ቀለም የሚጻፍባት ናት። በውስጧ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ በየክፍሉም ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይታጐራል። ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ ይህን ጥበብ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ለሊቃውንት ገለጠ። አስቀድሞ በአንዱ ክፍል ይለይ የነበረው ሙሉ ወይም ባዶ መሆኑ ብቻ ነበረ። ኋላ ግን ብዙ ጽሕፈት በጠባብ ስፍራ ለማግባት ሲሉ 4፥ ከዚያም 8፥ ከዚያም 16 ደረጃ ይለዩ ጀመር።

ይህም ፊደላችንን ይመስላል። ነጥብ አለ ወይም የለም ብሎ መለየት ለደካማ ዓይንም ይቀላል፤ ቡን ከቢ የሚለየው ግን አንዲት ጭረት ናትና ቀለሙ ሲደበዝዝ ያሳስታል። በክፍሉ የታጐረውም ኃይል በዘመን ብዛት፥ ይልቁንም በሙቀት፥ ጥቂት በጥቂት ይሾልካል፤ ያን ጊዜ አንዱ ደረጃ የጎረቤቱን ይመስላል። በተደመሰሰና በተጻፈ ቁጥርም ክፍሉ ይደክማል፤ ብራናስ ደጋግመው ሲፍቁት ይሳሳ የለምን?

ዳዊትን በቃሉ የሚያውቅ ሰው የጠፋችውን ፊደል ከንባቡ ያገኛታል። ቁጥር ግን እንዲህ ያለ ንባብ የለውም፤ 8 ወደ 3 ቢለወጥ የሚያጋልጠው አይገኝም። ስለዚህ ምስክር ይጨመርለታል። የአንዱ ተማሪ ውጤት 7፥ 8፥ 9፤ የሁለተኛው 6፥ 5፥ 9 ቢሆን፥ በየረድፉ ጫፍ 24 እና 20፤ በየዓምዱ ግርጌ 13፥ 13፥ 18 እንጻፍ። 8 ወደ 3 ቢለወጥ የፊተኛው ረድፍ በ5 ይጐድላል፤ ሁለተኛውም ዓምድ በ5 ይጐድላል። ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ስሕተቱ አለ፤ 5 ሲጨመርበት ይታረማል። ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ስሕተትን በራሱ የሚያርም የምስክር ሥርዓት አሳተመ። ዛሬ በፍላሽ ውስጥ ያለው ከዚያ የጠለቀ ነው፤ ደረጃው በበዛ መጠንም የበረታ ምስክር ያሻዋል።

ነገር ግን የምስክሩ ኃይል ልክ አለው። ስሕተቱ ከልኩ እስኪያልፍ ድረስ ሁሉ እየታረመ ስለሚነበብ ባለቤቱ ድካሙን አያይም፤ ሲያልፍ ግን ፋይሉ በድንገት አልነበብ ይላል። እንግዲህ የውጤት መዝገብ በአንዲት ፍላሽ ብቻ አይቀመጥ፤ ሌላ ግልባጭ በሌላ ቤት፥ ዋናውም ድምር በወረቀት ይኑር። ፍላሿን ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር ለዓመታት ዘግቶ መተው አይገባም። በየዓመቱ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ እንደ ገና መጻፍ የታጐረውን ኃይል ያድሳል፤ ገልባጩም አሮጌውን ከመደምሰሱ በፊት የሁለቱን ድምር ያስተያይ።